የቮልስ ዘይት ስቀይር አንዱ ዳዶ ተላጠ፣ አንዱ ብሎን ዞረ፦ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ፣ የአሮጌ መኪና ወዳጆች።

የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ከአጎቴ የወረስኳት ቮልስ አለችኝ፤ በፈረንጆች 1968 የተሠራች፣ ሞተሯ 1300 ሲሲ። አጎቴ ደምበጫ ሲሠራ ገጠር ለገጠር የዞረባት መኪና ናት። ዘይቷን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እኔ ራሴ እቀይር ነበር። ባለፈው ክረምት ጊዜ አጣሁና ለአንድ ጋራዥ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ ከሥሯ ዘይት ትንሽ ትንሽ ስታንጠባጥብ ቆየች።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን ለብ አድርጌ፣ ጎኗን በክሪክ አንሥቼ፣ ድንጋይም እንጨትም ደግፌ ከሥሯ ገባሁ። ቮልስ እንደ ሌሎቹ መኪኖች ተጠምዝዞ የሚወጣ የዘይት ማጣሪያ የላትም። ከሞተሩ ሆድ ሥር ሳህን የመሰለ ክብ ክዳን አለ፤ ከክዳኑ በላይ የሽቦ ወንፊት ተቀምጧል። ክዳኑን የሚይዙት በሞተሩ አካል ላይ የተተከሉ ስድስት ራስ አልባ ብሎኖች ናቸው፤ ውፍረታቸው 6 ሚሊ ሜትር። በየአንዳንዳቸው ላይ የመዳብ ቀለበትና ባለ 10 ቁጥር ቆብ ዳዶ ይገባል። ዘይቱን በመሃሉ የማፍሰሻ ብሎን አፈሰስኩና ዳዶዎቹን ጀመርኩ። አራቱ በሰላም ተፈቱ። አምስተኛው ማዕዘኑ ሁሉ ተልጦ ክብ ሆኗል፤ መፍቻ አይዝም። ስድስተኛው ይዞራል እንጂ አይወጣም። መብራት አስጠግቼ ሳየው የሚዞረው ዳዶው ብቻ አይደለም፤ ብሎኑም ከነሥሩ አብሮ ይዞራል። በብሎኑ ዙሪያ አመድ የመሰለ ግራጫ ብናኝ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ይታያል። ብሎኑ የሚጠመዘዝበት የሞተሩ ጥርስ ተፈጭቶ መውጣቱ ነው። በዚያን ጊዜ ልቤ ቆመ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የተላጠውንና የሚዞረውን ሞተሩን ሳልጎዳ እንዴት ላውጣ? ሁለተኛ፣ የተበላውን ጥርስ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ማስጠገን ይቻላል ወይስ መኪናዋን አስጭኜ አዲስ አበባ ልውሰዳት? የአጎቴ እጅ የነካት መኪና ናት፤ በችኮላ አበላሽቻት መኖር አልፈልግም።

*ተጨማሪ፦ ይህ የውይይት ክር ከሠላሳ በላይ መልስ አግኝቶ መሃል ላይ ብዙ ስለተበተነ፣ ይኸው ችግር የሚገጥመው ሰው ሁሉንም እንዳያነብ መልሶቹን በየተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የተስማማሁበትንም ያልተስማማሁበትንም ሳልደብቅ ነው።*

መልስ 1 ከፍኖተ ሰላም የመጣ፣ ጨዋነት የተሞላበት መልስ ነበር። ጸሐፊው እግዚአብሔር ያበርታህ ካለ በኋላ እንዳልቸኩል መከረኝ፤ ከዚህ በኋላ በጉልበት የማደርገው እያንዳንዱ ዙር ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ክዳኑ መሃሉ ላይ የማፍሰሻ ብሎን እንዳለውም ጠየቀኝ፤ በፈረንጆች ከ1973 ሞዴል ወዲህ የተሠሩት ቮልሶች ያ ብሎን ቀርቶባቸው ዘይቱን ለማፍሰስ ክዳኑን ማውረድ ግድ ሆኗልና። የእኔ አላት። ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት መምጣቱ አረጋጋኝ።

መልስ 2 ጋራዡን በስም እንድጠራና ሰው እንዲጠነቀቅ እንዳደርግ ጠየቀ። አላደረግሁትም፤ አሁንም አላደርገውም። ማን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንዳጠበቀው በዓይኔ አላየሁም። መልስ 9 ላይ እንደምታዩት ነገሩ ወደ እኔም ይመጣል።

መልስ 3 የቡሬ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ጡረተኛ ሾፌር። ስለ ተላጠው ዳዶ የሰጡት ምክር የወርቅ ነው። አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ቡሶላ (ዳዶው ላይ የሚጠለቅ መፍቻ) የዳዶውን ጫፍ ጫፍ ብቻ ስለሚይዝ ይልጠዋል፤ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ግን ጎን ለጎን ስለሚያቅፈው ኃይሉ ይከፋፈላል። እሱም እምቢ ካለ በጥሩ ሞረድ ሁለቱን ትይዩ ጎኖች ጠፍጣፋ አድርጎ ሞርዶ፣ ከዋናው ባነሰ ቁጥር መፍቻ መያዝ ነው። ከዚያ ቀጠሉና፣ እንቢተኛ ብሎን በእሳት አሙቆ ሰም ማስነካት ከማንኛውም የፈረንጅ ዘይት እንደሚበልጥ ጻፉ። ሰሙ ቀልጦ በጥርሱ መሃል ይገባል፤ ብሎኑ እንደ ቅቤ ይወጣል።

መልስ 4 ይህችኛዋን ምክር ለማስቆም ተንደርድሮ ነው የገባው። ጸሐፊው ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት (ብረት መቅረጫ) ያለው ባለሙያ ነው፤ ሙያውን የቀሰመው በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር በተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ካስተማረ አባቱ ነው። እሳት ወደዚያ ሞተር እንዳይቀርብ ሲል በጥቁሩ ጻፈ። የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። ትልቁ አካል ሙቀቱን ስለሚያሰራጭ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ በብሎኑ ዙሪያ የወጣው ብናኝና በፑንታ (በመብሻው ብረት) ሲበሳ የሚረግፈው ፍቅፋቂ ግን ይቀጣጠላል፤ ያውም ዘይት የነካው ሆኖ። አንዴ ከተያያዘ ደግሞ ውሃ ማፍሰስ ያባብሰዋል፤ የሚነደው ማግኒዚየም ውሃውን ሰብሮ ሃይድሮጂን ያወጣልና። የሚያፍነው እንደ ደረቅ አሸዋ ያለ ነገር ነው። ነገሩ ሁሉ ትክክል ነው። አጻጻፉ ግን ሽማግሌውን አላዋቂ የሚያስመስል ነበር፤ ይህን አልወደድኩለትም።

መልስ 5 አዛውንቱ ራሳቸው ተመለሱ። የሰሙን ነገር የለመዱት በላንድሮቨርና በጭነት መኪና የብረት ብሎኖች ላይ እንደሆነ፣ የቮልስ ሞተር ከምን እንደተሠራ ዛሬ እንደተማሩ፣ ለነገሩም ልጁን እንደሚያመሰግኑ ጻፉ። ባሕር ዳር ያለው ሰው ወዲያው አባባ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ይህን መስመር ሳነብ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ጨዋታ ከጥገናው እኩል ይጠቅማል።

መልስ 6 ቀላል ነው ብሎ ጀመረ። የሚዞረውን ብሎን አውጥቶ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ የተፈተለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በጥርሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ሲሊኮን በብዛት ቀብቶ መልሶ ማጥበቅ። እሱ በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት እንደነዳ ጻፈ። መልስ 7 ይህ ሰው ብዙ ሞተር ገድሎ እንዳይሆን ተጠራጠረ፤ ቃሉ ከዚህም የከረረ ነበር፣ አልደግመውም። ፍሬ ነገሩ ግን እውነት ነው፦ ከክዳኑ ወደ ውስጥ የተጨመቀ ሲሊኮን ደርቆ እየተላላጠ ይወርዳል፤ ዘይት የሚመጠጥበት ቱቦ ደግሞ አፉ እዚያው ወንፊቱ ውስጥ ነው። ወንፊቱ በሲሊኮን ፍርፋሪ ሲደፈን ዘንጉ የሚዞርባቸው የሞተሩ ኩሽኔታዎች ያለ ዘይት ይቀራሉ። መልስ 8 ሁለቱን ሊያስታርቅ ሞክሮ ለጊዜው መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው ሽቦው አያስከፋም አለ። እዚህ ላይ ከመልስ 7 ጋር ነኝ። የእኔ መኪና መንገድ ላይ አልቆመችም፤ ግቢዬ ውስጥ ናት፤ ጊዜ አለኝ።

መልስ 9 ለዚህ ክር መከፈት ምክንያት የሆነውን ነገር የገለጠው ነው፤ ሰፋ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ጸሐፊዋ ቢቸና የፊዚክስ መምህርት ናቸው፤ የባለቤታቸውን ቮልስ ራሳቸው ይጠግናሉ። ሁላችንም ስለ ተበላው ጥርስ ስንነጋገር እሳቸው ለምን ተበላ ብለው ጠየቁ። እንዲህ አስረዱ፦ ክዳኑ ቀጭን ቆርቆሮ ነው። አንድ ሰው ትንሽ ሲያንጠባጥብ ያያል፤ ዳዶውን ያጠብቃል። ክዳኑ በየቀዳዳው ዙሪያ ወደ ላይ ይጎደጉዳል፤ በቀዳዳና ቀዳዳ መሃል ያለው ከንፈሩ ደግሞ ከሞተሩ ይርቃል። ዘይቱ በዚያ በኩል ይወጣል። ሰውየው ማንጠባጠቡ ሲብስበት ይበልጥ ያጠብቃል። ክዳኑ ይበልጥ ይታጠፋል። ይህ ሲደጋገም መጨረሻ ላይ የሚሸነፈው ብረቱ ብሎን አይደለም፤ ለስላሳው ማግኒዚየም ነው። በፋብሪካው ደንብ እነዚያ ዳዶዎች የሚጠብቁት በ7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ይህ በሁለት ጣትና በአውራ ጣት የሚገኝ ኃይል ነው።

ክዳኑን በመስኮት መስታወት ላይ አስቀምጬ ከጎን መብራት እንዳበራበት ጠየቁኝ። አደረግሁት። በስድስቱም ቀዳዳ ዙሪያ ክዳኑ መስታወቱን ነክቷል፤ በመሃል በመሃሉ ግን ብርሃኑ ወለል ብሎ ያልፋል፤ በአንዱ በኩል የስልክ ካርድ ይገባል። ያ ጉድጓድ በአንድ ክረምት የተሠራ አይደለም። አጎቴም አጥብቆታል፤ እኔም በየጊዜው ለእርግጠኝነት ብዬ ሩብ ዙር ጨምሬበታለሁ። ጋራዡ የጨመረው የመጨረሻውን ነው። ይህን ስረዳ ለመልስ 2 የሰጠሁትን መልስ አሳጠርኩት።

መምህርቷ በዚህ አላቆሙም። የኃይል መለኪያ መፍቻ ለሌለው ሰው ሁሉ የሚሆን ዘዴ ሰጡ፤ ገበያ ላይ ቅቤና ማር የሚመዘንበት የሚንጠለጠል የመንጠቆ ሚዛን። የመፍቻውን ርዝመት ከዳዶው መሃል እስከ ሚዛኑ መንጠቆ በሳንቲ ሜትር መለካት ነው። ከ14 ሳንቲ ሜትር ላይ ሚዛኑ 5 ኪሎ እስኪያሳይ ወደ ጎን፣ ለመፍቻው ቀጥ ብሎ ሲጎተት ወደ 7 ኒውተን ሜትር ይሆናል። 5ን በ9.81 አብዝቶ በ0.14 ሜትር ማብዛት ነው፤ 6.9 ይመጣል። ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠርቼ ካረጋገጥኩ በኋላ ወደ ገበያ ወጥቼ ሚዛን ገዛሁ።

መልስ 10 የገበያ ሚዛን ይዋሻል ብሎ ተከራከረ። መልስ 11 አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ አምስት ሊትር ጀሪካን ሞልቶ የባዶውን ጀሪካን ክብደት ቀንሶ ሚዛኑን መፈተሽ እንደሚቻል መለሰለት፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ተዘጋ። መልስ 12 በኃይል መለኪያ ማሠር የፈረንጅ ቅንጦት ነው፣ የመካኒክ እጅ ያውቃል ብሎ ነበር። ይቅርታ ያድርግልኝና፣ ሠላሳ ዓመት የሚያውቅ እጅ ነው ያንን ክዳን ያጎደጎደው።

መልስ 13 ከደጀን ነው። ለጥገናው ባይጠቅምም ለምን እንደምንጨነቅ ያስረዳል። ከጎሐ ጽዮን ወርደው ዓባይን ተሻግረው ወደ ደጀን የሚወጡ መኪኖች ውሃ ፈልቶባቸው ዳር ይዘው ሲቆሙ ቮልስ ግን ታልፋቸዋለች፤ የሚፈላ ውሃ የላትምና። ነገር ግን ይህ ሰው በትክክል እንዳስጠነቀቀው፣ የምትቀዘቅዘው በነፋስና በዘይት ነው። ሞተሯ የሚይዘው ዘይት ደግሞ 2.5 ሊትር ብቻ ነው። አንድ ሊትር ቢፈስ ከመቶ አርባው ሄደ ማለት ነው፤ በዚያ ዳገት ላይ። ለሌላ መኪና ቆሻሻ ብቻ የሆነው ጠብታ ለቮልስ የሕይወት ጉዳይ ነው።

መልስ 14 የዳንግላ ወጣት ስለ ካምቢዮ (ማርሽ ሳጥን) ዘይት ነገረን። የካምቢዮውን ማፍሰሻ ፈትቶ ዘይቱን ሁሉ ካፈሰሰ በኋላ የመሙያው ብሎን እምቢ አለው፤ ባለ 17 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስድስት ማዕዘን መፍቻ ስላልነበረው ከብረት የሠራው ቁልፍ ውስጡን ልጦት ቀረ። መኪናው ካምቢዮው ባዶ ሆኖ ሦስት ሳምንት ቆመ። ምክሩ አጭር ናት፤ ለማንኛውም መኪና ትሠራለች፦ መሙያው መከፈቱን ሳታረጋግጥ ማፍሰሻውን አትፍታ።

ከመልስ 15 እስከ 19 ክሩ ከእጄ አመለጠ። አንዱ በመላው ዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ተሠርታ የመጨረሻዋ በፈረንጆች 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ መውጣቷን ጻፈ። ቀጥሎ የመጣው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት በቮልስ ተጭነው መወሰዳቸውን አነሣ። ከዚያ ወዲያ ብሎን የሚባል ነገር ተረሳ። ያ ድርጊት ውርደት ነበር፣ አልነበረም እያሉ ሦስት ሰዎች ተያያዙ፤ አንደኛው የሌላውን አባት እስከ መንካት ደረሰ። እኔ ገብቼ ሰው የቀበረውን አባቱን አትንኩበት፣ ስለ ዘመኑ መነጋገር የፈለገ የራሱን ክር ይክፈት ብዬ ለመንኩ። ሰሙኝ፤ አመሰግናለሁ።

መልስ 20 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። የተበላ ጥርስ በሁለት መንገድ ይድናል። አንደኛው ቀዳዳውን አስፍቶ፣ አዲስ ጥርስ አውጥቶ፣ ሄሊኮይል የሚባለውን የሽቦ ጠምዛዛ ማስገባት ነው፤ ከዚያ የቀድሞው 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ይገባበታል። ሁለተኛው ሥሩ 8 ሚሊ ሜትር ጫፉ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ ደረጃ ብሎን ማስገባት ነው። ጸሐፊው ሄሊኮይልን መርጦ ሌላውን የድሃ ጥገና አለው። መልስ 21፣ ያው የባሕር ዳሩ ባለሙያ፣ በዚህ ቃል ተቆጣ። የሄሊኮይሉን ማስኪዮ (ጥርስ ማውጫ) አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ፈልጎ ያላገኘ ሰው ምን ያድርግ? ባለ 8 ማስኪዮ ግን በየቶርኖ ቤቱ አለ፤ ብሎኑንም እሱ በአንድ ሰዓት ይቀርጸዋል። መልስ 22 ለሁለቱም ቁጥር ሰጣቸው፦ ለሄሊኮይል የሚወጣው ጥርስ ዳርቻው 7.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የባለ ደረጃው 8። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጠባቸው በዚህ ረገበ። እኔ ባለ ደረጃውን መረጥኩ፤ ሠሪው በስልክ የማገኘው፣ ቢበላሽ የምጠይቀው ሰው ስለሆነ።

መልስ 23 ያፈሰስኩትን ዘይት የት እንዳደረግሁት ጠየቀ። እንደ ሁልጊዜው ለጎረቤት ሰጥቼው ነበር፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ ከመትከሉ በፊት ምስጥ እንዳይበላው ሥሩን ይቀባበታል። መልስ 24 ይህንንም ነቀፈ፤ የተቃጠለ ዘይት ከእንጨቱ ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይሄዳል። የጎረቤቴ የውሃ ጉድጓድ ከአጥሩ አሥር እርምጃ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይቱን በጀሪካን እያጠራቀምኩ ነው።

መልስ 25 የራሴ ነው፤ የሠራሁትን በዝርዝር የጻፍኩበት።

የተላጠውን ዳዶ አዛውንቱ እንደነገሩኝ ሞረድኩት። ጠባብ ቦታ ስለሆነ በጀርባዬ ተኝቼ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ፤ ከ10 ወደ 8 ሲወርድ የ8 ቁጥር መፍቻ ግጥም አለበት። አንድ ጊዜ ጢቅ አለና ተፈታ። የሚዞረው ብሎን ያስቸገረው ብቻውን ሲዞር የሚነክሰው ጥርስ ስለሌለው ነው። የክዳኑን ዳር በካቻቪቴ ቀስ አድርጌ ወደ ታች ጫን እያልኩ በሌላ እጄ ዳዶውን ሳዞር፣ የተረፈችው ትንሽ ጥርስ እየያዘች አወጣችው። ብሎኑን እጄ ላይ ሳይ በጠመዝማዛው ውስጥ የሞተሩ ጥርስ ልክ እንደ ሞላ ተጠምጥሞ ወጥቷል። እስካሁን በክብሪት ቤት ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

የባሕር ዳሩ ባለሙያ ብሎኑን ቀርጾ ከነማስኪዮው በአውቶቡስ ላከልኝ። በ6.8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ቀዳዳውን አስፋሁ። የድሮውን ቀዳዳ ጥልቀት በክብሪት እንጨት ለክቼ፣ በዚያው ልክ ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልዬ፣ ከዚያ በላይ አልገባሁም። ማሽኑን ትቼ በእጅ ትራፓኖ ቀስ አድርጌ በሳሁ። ፑንታውንም ማስኪዮውንም ግራሶ ቀባኋቸው፤ ፍቅፋቂው ወደ ሞተሩ ከመውደቅ ይልቅ ግራሶው ላይ ይጣበቃል። ደረቅ አሸዋ የሞላ ባልዲ አጠገቤ ነበር። ማስኪዮውን ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ እያደረግሁ አስገባሁት። አዲሱን ብሎን ጥርሱ ላይ ዘይት የማያሳልፍ ማጣበቂያ በስሱ ቀብቼ ተከልኩና አንድ ሌሊት አሳደርኩት።

ክዳኑን በመስታወቱ ላይ ብርሃን እስከማያሳልፍ ድረስ በጠፍጣፋ ብረት ላይ በእንጨት መዶሻ አቃናሁት። ስድስቱን የመዳብ ቀለበቶች ባለቤቴ ቡና በምትቆላበት የከሰል ምድጃ ላይ፣ ከመኪናዋ ርቄ፣ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆኑ አግዬ ውሃ ውስጥ ጣልኳቸው፤ መዳብ እንዲህ ሲደረግ ይለሰልሳል፣ ለስላሳው ነው የሚያሽገው። ሁለት አዲስ የወረቀት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ አንዱ ከወንፊቱ በላይ፣ አንዱ ከሥሩ። ሲሊኮን የለም። ከዚያ ሚዛኑን መፍቻው ላይ አንጠልጥዬ፣ ዳዶዎቹን በመስቀል አቅጣጫ እያፈራረቅሁ፣ አምስት ኪሎ ሲደርስ አቆምኩ። እጄ ጨምር ጨምር አለኝ። አልጨመርኩም።

መልስ 26 የመምህርቷ ነበር፤ አጭር፦ ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹን አንድ ጊዜ በዚያው ሚዛን እንድፈትሽ፣ ከዚያ ወዲያ እስከሚቀጥለው የዘይት ቅያሪ እንዳልነካቸው። ሁለቱ ዳዶዎች በእርግጥ ትንሽ ለቀው አገኘኋቸው፤ የማሸጊያው ወረቀት ስለታመቀ ነው።

ከመልስ 27 እስከ 30 እንኳን ደስ አለህ የሚሉ ናቸው። የቡሬው አባባ ሞረዱ በመሥራቱ መደሰታቸውን ጽፈው መርቀውኛል፤ ምርቃታቸውን ተቀብያለሁ። ከእነዚህ መካከል መልስ 6 የጻፈው ሰው ተመልሶ የራሱን ወንፊት ማየት እንደሚፈልግ ተናግሯል። ቢያየው ጥሩ ነው፤ ሳይዘገይ።

መልስ 31 ውጤቱን ጠየቀ። በሦስተኛው ሳምንት ደጀን ደርሼ ተመለስኩ፤ ማታ ከሞተሩ ሥር ነጭ ካርቶን አነጠፍኩ። ጠዋት ከክዳኑ ትይዩ ያለው ቦታ ደረቅ ነው። ከጎን በኩል ሁለት ጠብታ አለ፤ ከሲሊንደሮቹ ሥር ካሉት ቱቦዎች ጎማ ነው የመጣው። እሱ ሌላ ሥራ ነው።

መልስ 32 በክዳኑ መሃል ያለው የማፍሰሻ ብሎን ጥርሱ የተበላበት ሰው ነበር፤ ብየዳ ሊያስገባ መኪናውን ይዞ ሊሄድ ተነሥቷል። እንዳይሄድ ወዲያው ጻፍኩለት። ያ ጥርስ ያለው ክዳኑ ላይ እንጂ ሞተሩ ላይ አይደለም፤ ስድስቱን ዳዶ ፈትቶ ሌላ ክዳን ይግዛ።

መልስ 33 ከሞጣ ነው። የብሎኑን ልክ ጠየቀኝ፤ የእሱ ሦስቱ ተበልተዋል። የሥሩ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር፣ እርምጃው (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት) 1.25 ሚሊ ሜትር፤ የጫፉ 6 ሚሊ ሜትር፣ እርምጃው 1። ርዝመቱን ግን ከእኔ እንዳይወስድ፣ ከራሱ ካልተበላው ብሎን ላይ እንዲለካ ነገርኩት። ማስኪዮውን ገና ወደ ባሕር ዳር አልመለስኩትም፤ ባለቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲቆይ ፈቅዶልኛል። የሞጣው ሰው ክዳኑን ይዞ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፤ መስታወቱንና ሚዛኑን አዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ።